ስፖርት መኪና በፈጣን መንገድ ላይ ለምን ትዋልላለች? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሪውን ቀጥ አድርገው ይዘውም መኪናቸው ወዲያ ወዲህ ለምትልባቸው ሁሉ፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

"ትዋልላለች" ስንል በትክክል ምን ማለታችን ነው?

የምትዋልል መኪና ወደ አንድ ጎን ብቻ አታደላም። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ትላለች። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ሹፌሩ መሪውን በትንሽ በትንሹ ሲያርም ይቆያል። ረጅም መንገድ ሲነዳ ትከሻና አንገት የሚደክመው በዚህ ነው።

ይህንን ከሚመሳሰሉት ችግሮች መለየት ያስፈልጋል፤ መነሻቸው የተለያየ ነውና። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የምትሄድ ከሆነ እየጎተተች ነው። መሪው እጃችሁ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ነው። ከባድ መኪኖች ያጎደጎዱት አስፋልት ላይ ብቻ ቦዩን ተከትላ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ሰፊ ጎማ ያመጣው ጠባይ ሊሆን ይችላል።

መካኒክ ጋ ሄዳችሁ "መሪዋ አስቸገረኝ" ብቻ አትበሉ። በምን ፍጥነት ይጀምራል? በለስላሳ አስፋልት ላይም አለ? ነዳጅ ስትሰጡ ነው ወይስ እግራችሁን ስታነሱ? ፍሬን ስትይዙስ? እነዚህን መልሳችሁ ከሄዳችሁ የምርመራው ግማሽ አልቋል።

ስፖርት መኪና ከተራ መኪና ይልቅ ለምን ይብስባታል?

ስፖርት መኪና የሹፌሩን እጅ ቶሎ እንድትሰማ ተደርጋ ነው የምትሠራው። መሪዋ ትንሽ ሲዞር ጎማዋ ብዙ ይዞራል። ጎማዋ ሰፊ ነው፣ የጎማው ጎን አጭርና ጠንካራ ነው፣ ጎሚኒዎቿም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያይዙት ክንዶች መገጣጠሚያ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ድርቅ ያሉ ናቸው። የቤተሰብ መኪና ላይ ለስላሳ ጎማና ለስላሳ ጎሚኒ ውጠው የሚያስቀሩት ጥቃቅን ስህተት እዚህ በቀጥታ እጅ ላይ ይደርሳል። የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት አጭር ከሆነም መኪናዋ አቅጣጫ ለመቀየር ይቀላታል። መታጠፊያ ላይ የምንወድላት ባሕርይ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

ፖርሽ 911 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አፍንጫዋ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች በፍጥነት ሲነዱ ቀጥ ብሎ መሄድ ስለከበዳቸው ፋብሪካው በፊት መከላከያው ጥግና ጥግ ላይ ከባድ ብረት እስከማስገባት ደርሶ ነበር። እውነተኛው መፍትሔ የመጣው በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ላይ ነው። የኋላ ጎማዎቹን 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ገፏቸው፣ መኪናዋም ረጋች።

ይህ ማለት ግን መዋለል የስፖርት መኪና ዕጣ ነው ማለት አይደለም። ደህና የተያዘች ስፖርት መኪና በፈጣን መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ካልሄደች የሆነ ነገር ተበላሽቷል ወይም ከልኩ ወጥቷል።

መጀመሪያ ምን ልመልከት?

ጎማ። ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት ጎማ። ብዙ ሰው ዕቃ ቀይሮ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ችግሩ የንፋስ ልክ ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል።

ንፋሱን መኪናዋ ቆማ ጎማው ሲቀዘቅዝ ለኩ። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር አካባቢ ወይም በነዳጅ መሙያ ክዳን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ልክ ነው፤ በእሱ አትሙሉ። ብዙ ስፖርት መኪኖች የፊትና የኋላ ልካቸው ይለያያል። ጎሚስታው አራቱንም እኩል ሞልቶ ከሸኛችሁ የመኪናዋ ሚዛን ያኔውኑ ተቀይሯል። በተለይ የኋላው ከልክ በታች ሲሆን መኪናዋ ከጀርባዋ የምትወዛወዝ ትመስላለች። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የጎማው ንፋስም በግምት 0.1 ባር ይወርዳል። በወር አንዴ መለካት የሚመከረው አንድም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ዕድሜውን እዩ። ጎማው ጎን ላይ ካለው ረጅም ኮድ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2019 (እ.ኤ.አ.) 23ኛ ሳምንት ነው። ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ቆማ ስለምትውል ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ በብዛት የሚገኘው እሷ ላይ ነው። ጥርሱን አይታችሁ ብቻ አትለፉት።

እጃችሁንም በጎማው ፊት ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ አሽሹት። በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ቶ የሚባለው፣ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት የአላይመንት (የጎማ አቀማመጥ) ልክ ተዛብቷል። የውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ካለቀ ካምበሩ (ጎማው ከፊት ሲታይ አናቱ ወደ ውስጥ ያዘነበለበት ልክ) በዝቷል ወይም ቶው ወደ ውጭ ተከፍቷል። አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆናቸውንም አረጋግጡ። በአንድ አክስል ላይ (በፊቶቹ ሁለት ወይም በኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች መካከል) የተለያየ ሞዴል ወይም የተለያየ አበላል ያለው ጎማ መኖር ብቻውን መኪና ያዋልላል።

አዲስ ጎማ ካስገባሁ በኋላ ነው የጀመረው። ጎማው ብልሽት አለው?

ላይኖረው ይችላል። አዲስ ጎማ ጥርሱ ረጅም ስለሆነ በጭነት ወዲያና ወዲህ ይተጣጠፋል። ካለቀ ጎማ ወደ አዲስ ስትሻገሩ መሪው ትንሽ የላላ መምሰሉ የተለመደ ነው፤ የተወሰነ መንገድ ከሄደ በኋላ ይሻላል። ሁለቱን ብቻ ቀይራችሁ ሌሎቹ አሮጌ ከሆኑ ግን ልዩነቱ ሊቆይ ይችላል።

የመዞሪያ ቀስት ካለው ቀስቱ ወደ ፊት ማመልከቱን አረጋግጡ። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን መጎተት ከጀመረች ደግሞ የፊቶቹን ግራና ቀኝ አቀያይሯቸው። ይህ የሚሆነው የመዞሪያ ቀስት ለሌላቸው ጎማዎች ብቻ ነው፤ ውጭና ውስጥ ተብሎ የተለየ ጎማም ከሆነ የውጩ ፊት ከውጭ እንደሆነ መቅረት አለበት። ጉተታው ጎኑን ከቀየረ ጎማው ነው። ካልቀየረ መኪናዋ ናት።

እንዲህ እየሆነች መንዳት እችላለሁ?

ድንገት ከጀመረ አትችሉም። ትናንት ቀጥ ትሄድ የነበረች መኪና ዛሬ ከዋለለች የላላ የጎማ ዳዶ፣ ሊነቀል የደረሰ የመሪ መገጣጠሚያ ወይም ንፋስ እያስተነፈሰ ያለ ጎማ ሊሆን ይችላል። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ዳዶዎቹን ፈትሹ፣ ጎማዎቹን እዩ። ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ፍጥነት ቀንሳችሁ ጋራዥ ድረስ መሄድ ይቻላል።

ራሴ ልፈትሸው የምችለው ነገር አለ?

አለ፣ ብዙም መሣሪያ አይጠይቅም። መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ አንድ ሰው መሪውን ከመሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሹ ያመላልስ። እናንተ የፊት ጎማውን ተመልከቱ። መሪው ተንቀሳቅሶ ጎማው ዝም ካለ መሪው ባዶውን እየዞረ ነው። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በዓይን ተከተሉ፤ አንደኛው ወገን ሲንቀሳቀስ ሌላኛው የሚዘገይበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ።

ቀጥሎ መኪናዋን በክሪክ አንሱ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ግን በፍጹም አትግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ አስገቡ። ጎማውን ግራና ቀኝ ጎኑን ይዛችሁ ነቅንቁት። ቋ ቋ ካለ ታይ ሮዱን (ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ወይም ራኩን (የመሪውን መዞር ወደ ግራና ቀኝ የሚቀይረውን ጥርሳም ዘንግ) ጠርጥሩ። ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ቦል ጆይንት (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ክብ መገጣጠሚያ) ወይም ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው። ይህንኑ ከኋላ ጎማዎችም ላይ አድርጉት። ይህን የምደጋግመው ብዙ ሰው የኋላውን ስለሚዘልለው ነው።

ጎሚኒ ግን በእጅ ነቅንቆ አይታወቅም። በሌቨር ብረት ገፋ አድርጎ መሰነጣጠቁንና ከመሃሉ ብረት መላቀቁን ማየት ያስፈልጋል። ፈሳሽ የሞላባቸው ጎሚኒዎች ካሏት የዘይት ፍንጣቂ ፈልጉ፤ ፈሳሹን የጨረሰ ጎሚኒ አልቋል። ሾክ አብዞርበርም እንዲሁ ዘይት ካፈሰሰ አልቋል። መኪናዋን ጥግ ላይ ተጭኖ መልቀቅ የሚባለው ፈተና ሞላዋ ጠንካራ በሆነ ስፖርት መኪና ላይ ብዙም አይነግርም።

አላይመንት አሠርቻለሁ፣ ግን ምንም አልተለወጠም። ለምን?

አንደኛው ምክንያት የላላ ዕቃ ላይ አላይመንት መሠራቱ ነው። ያለቀ ጎሚኒ ወይም ታይ ሮድ ያላት መኪና ማሽኑ ላይ ቆማ ልክ ትሆናለች፤ መንገድ ላይ ስትወጣ ጎማው ወደፈለገበት ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ የላላው ዕቃ ይቀድማል፣ አላይመንት ይከተላል።

ሁለተኛው፣ "አረንጓዴ ሆኗል" ተብሎ መሸኘት ነው። ማሽኑ አረንጓዴ የሚያሳየው ቁጥሩ ከተፈቀደው ክልል ውስጥ ከገባ ነው፤ ክልሉ ግን ሰፊ ነው። ግራው ከክልሉ አንድ ጫፍ፣ ቀኙ ከሌላው ጫፍ ላይ ሆነው ሁለቱም አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ያለውን የታተመ ወረቀት ጠይቁ፣ ግራና ቀኙንም ራሳችሁ አወዳድሩ።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። ቶ ማለት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ መግጠሙ ወይም ወደ ውጭ መከፈቱ ነው። የፊት ጎማዎች ወደ ውጭ ከተከፈቱ መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ፈጣን ትሆናለች፤ ቀጥታ ላይ ግን ትቅበዘበዛለች። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ እጅ ላይ ይሰማል። ለእሽቅድምድም ሜዳ ተስተካክላ የነበረች መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

ካስተር ደግሞ መሪው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ልክ ነው። መታጠፊያ ጨርሳችሁ መሪውን ለቀቅ ስታደርጉት ወደ መሃል የሚመልሰው በዋናነት እሱ ነው። ሲያንስ መሪው ቀላል ይሆናል፣ መኪናዋም መሃሉን አታውቀውም። ማስተካከያ ያላት መኪና ከሆነች ካስተሩን ወደ ክልሉ ከፍተኛ ጫፍ፣ ግራና ቀኝ እኩል አድርጎ ማሠራት ለፈጣን መንገድ ከሚደረጉት ነገሮች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ነው።

ሦስተኛው የኋላው ቶ ነው። የፊቱን ብቻ አስተካክሎ የሚሸኝ ቦታ አለ። ስፖርት መኪና የአራቱንም ጎማ አላይመንት ያስፈልጋታል፤ ለምን እንደሆነ የሚቀጥለው መልስ ላይ አለ።

ችግሩ ከኋላ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መሪ የምንይዘው በእጃችን ስለሆነ ችግሩ ሁልጊዜ ከፊት ይመስለናል። የኋላ ጎማዎች ግን መኪናዋን የሚመሩት ሹፌሩ ሳያውቅ ነው። የኋላ ጎማ በትንሽ ዲግሪ እንኳ ከዞረ የመኪናዋ ጀርባ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሹፌሩም በፊቱ ያርመዋል። የኋላ ጎማዎች ወደ ውጭ የተከፈቱባት መኪና በፍጥነት ስትነዳ አደገኛ ናት። በብዙ መኪና ላይ ፋብሪካው የኋላዎቹን በትንሹ ወደ ውስጥ የሚያስገጥማቸውም ለዚህ ነው።

ጥሩው ፈተና የነዳጅ ፈተና ነው። ቀጥ ያለ፣ ሰው የሌለበት መንገድ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት ሆናችሁ ነዳጅ ስጡ፣ ከዚያ እግራችሁን አንሱ። ስትሰጡ ወደ አንድ ጎን፣ ስታነሱ ወደ ሌላው የምትል ከሆነ የኋላው ክንድ ጎሚኒ ወይም ኋላውን የያዘው ሰብፍሬም (ክንዶቹ የሚታሰሩበት የብረት ፍሬም) ማሰሪያ ላልቷል። ኃይሉ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋው ጎማው ይዞራል፤ ኃይሉ ሲቀር ይመለሳል። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ ደግሞ የፊት ታችኛው ክንድ ጎሚኒ ቀድሞ ይጠረጠራል።

መቆለፊያ ያለው ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ባላት መኪና ላይ ሌላም አለ። የግራና የቀኝ የኋላ ጎማዎች አበላላቸው ከተለያየ ዙሪያቸው ይለያያል። ዲፈረንሻሉ እኩል ሊያዞራቸው ሲሞክር መኪናዋን ወደ ጎን ይገፋል። አንድ ጎማ ፈንድቶ አንድ ብቻ የቀየረ ሰው ይህን ያስብበት።

የአሠራር ጠባይም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሆንዳ ኤስ2000ዎች ኋላቸው ሲጫን ቶው በብዛት ይቀየር ነበር፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ላይ ሆንዳ ይህንን ቀንሶታል። እንደ ኒሳን ስካይላይን አር32 ጂቲ-አር ያሉ የኋላ ጎማቸው የሚዞር መኪኖች ደግሞ ኋላቸውም የራሱ የመሪ መገጣጠሚያ አለው። እሱ ሲያልቅ ፊቱን የቱንም ያህል ቢጠግኑት መኪናዋ መዋለሏን አትተውም።

መኪናዬን ዝቅ አስደርጌ፣ ሰፊ ቸርኬ አስገብቻለሁ። ግንኙነት አለው?

አለው። መኪና ዝቅ ስትል የታይ ሮዱና የታችኛው ክንድ ማዕዘን ይቀየራል። ሁለቱ አብረው መውጣትና መውረድ ሲገባቸው የተለያየ ቅስት ይሠራሉ። ስለዚህ ጎማው ጉብታ ላይ በወጣ ቁጥር መሪውን ሳትነኩት ራሱ ይዞራል። መፍትሔው የታይ ሮዱን ጫፍ ከፍታ የሚያስተካክል ዕቃ ማስገባት ወይም መኪናዋን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። አላይመንት ብቻውን አያድነውም።

ሌላው፣ የክንዶቹ ቡሎኖች መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለች ተጠብቀው ከሆነ ጎሚኒዎቹ ሁልጊዜ ተጠምዝዘው ይኖራሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ። ቡሎኖቹ መኪናዋ በራሷ ክብደት በምትቆምበት ከፍታ ላይ መጥበቅ አለባቸው።

ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ወይም ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ ለመግፋት ከኋላው የሚገባ ብረት) ደግሞ ጎማው መሬት የሚነካበትን መሃል መሪው ከሚዞርበት ዘንግ ያርቀዋል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የአስፋልት ስንጥቅ ጎማውን ይዞ ይጠመዝዘዋል። ለመሞከር ከፈለጋችሁ የፋብሪካውን ቸርኬና ጎማ ተዋሳችሁ አንድ ቀን ንዱ። መኪናዋ ከተረጋጋች መልሱን አገኛችሁ።

በዝግታ ደህና ናት፤ ፍጥነት ስጨምር ግን ፊቷ የቀለለ ይመስለኛል።

ይህ የአየር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የአየር ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ የማይሰማ ማንሳት በ120 ላይ ይሰማል። ከታች ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ ወድቆ ወይም ጥገና ላይ ሳይመለስ ቀርቶ እንደሆነ እዩ። የፊቱ የታችኛው ከንፈር መሰበሩንም ተመልከቱ። ለመልክ ተብሎ ትልቅ የኋላ ክንፍ ብቻ ከተጨመረ ደግሞ ኋላው ሲጫን ፊቱ ይቀልላል።

አየር ቀላል ነገር አይደለም። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው አውዲ ቲቲ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ከደረሱበት አደጋዎች በኋላ ለማስተካከያ ተጠርቶ ነበር። የኋላ ስፖይለር (ትንሽ የኋላ ክንፍ) እና ኢኤስፒ (መኪናዋ ስትንሸራተት የሚያርም የኤሌክትሮኒክ ሲስተም) ተጨምሮለታል፣ የሰስፔንሽኑ (የጎማ ማንጠልጠያው) አሠራርም ተሻሽሏል።

ከጎን የሚመጣ ንፋስ ግን ሁሉንም መኪና ይገፋል። ፈተናችሁን ንፋስ በሌለበት ቀን አድርጉት።

መሪው ላላ አላለም፤ እንዲያውም መሃሉ ላይ ይይዛል። ይህስ?

ይህ ብዙ መካኒክን ያሳሳተ ነው፤ ሁሉም የሚፈልገው የላላ ነገር ነውና። የሚይዝ መሪም መኪና ያዋልላል። ትንሽ ወደ ግራ ታርማላችሁ፣ መሪው እዚያው ይቀራል። ወደ ቀኝ ትመልሱታላችሁ፣ ደግሞ እዚያ ይቀራል። መኪናዋ ሰክራ የምትሄድ ትመስላለች።

ምንጩ የዛገ የመሪ ዘንግ ክሮቼራ (ዘንጉ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ)፣ ከላይ ሾክ አብዞርበሩን የያዘው ኩሽኔታ፣ አዲስ ተገጥሞ የጠበቀ ቦል ጆይንት ወይም ከልክ በላይ የተጠበቀ ራክ ሊሆን ይችላል። የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ መሪውን በቀስታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት፤ የሚከብድበት ቦታ ካለ እጃችሁ ይነግራችኋል። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ካላት የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩ ከአላይመንት በኋላ ዜሮ መደረጉን ጠይቁ። መስመር ጠባቂ ሲስተም ካላትም አጥፍታችሁ ሞክሩ። እሱ ሲጎትት ሰው ብልሽት ነው ብሎ ያስባል።

ሁሉም ተፈትሾ "ደህና ናት" ተባልኩ። አሁንም ትዋልላለች። ምን ቀረ?

የቀረው የመኪናዋ አካል ነው። በፊት ተጋጭታ የተጠገነች መኪና ሰብፍሬሟ ጥቂት ሚሊ ሜትር ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። በግራ በኩል ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ለኩ፣ በቀኝም እንዲሁ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ። ከፋብሪካው አንስቶ እንዲለያዩ የተደረጉ ጥቂት መኪኖች ቢኖሩም አብዛኞቹ ላይ እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ አራቱንም ጥግ ከፍታ ለኩ። አንዱ ጥግ ዝቅ ካለ የተሰበረ ሞላ ሊኖር ይችላል፤ የሞላ ጫፍ ሲሰበር መቀመጫው ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር በቀላሉ አይታይም።

ከዚህም በኋላ ካልተገኘ ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ። አንድ ነገር ቀይሩ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነትና በዚያው የጎማ ንፋስ ንዱ፣ ያያችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። አላይመንቱንም እንደገና ስታሠሩ ግማሽ ታንክ ነዳጅና በሹፌሩ ወንበር ላይ የክብደታችሁን ያህል ጭነት አድርጋችሁ አሠሩ። ዝቅ ያለች ቀላል ስፖርት መኪና ላይ የሹፌሩ ክብደት ብቻውን ካምበሩንና ቶውን ያንቀሳቅሰዋል።